ፒዲኤፍ ላይ ስም ማተም ያዋጣል? አንድ መምህር የጠየቀው፣ 24 መልስ ያገኘው

ጥያቄውን የከፈተው አዳማ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጥያቄ ከነማብራሪያው ያዘጋጃል። ፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም ይሸጣል። ተማሪዎች በቴሌብር ይከፍላሉ፣ እሱ ፋይሉን ይልካል። በቅርቡ አንድ ተማሪው ሊንክ ላከለት። ከፍቶ ሲያይ የራሱ ፋይል ነው፤ ብዙ ተከታይ ባለው ቻናል ላይ በነጻ ተለቋል። ሽፋኑ ላይ የነበረው ስሙ ጠፍቷል። በምትኩ በየገጹ መሃል የቻናሉ ስም በትልቁ በሰያፍ ታትሞበታል። መምህሩ ሁለት ነገር ጠየቀ። ዋተርማርክ (ገጹ ላይ ፈዝዞ የሚታተም ስም ወይም ምልክት) እንዴት ይሠራል? ቢሠራስ ይጠቅማል?

እኔም ቀኑን ሙሉ ሰነድ ሳዘጋጅ ስለምውል ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተሰጡትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጥሩ ጥሩ መልሶች ከጭቅጭቁ መሃል ተቀብረው እንዳይቀሩ እዚህ በተራ ቁጥራቸው አስቀምጣቸዋለሁ። የራሴንም አስተያየት በየመሃሉ እጨምራለሁ።

ቁጥር 1 ትሁት ሰው ነው። መምህሩን እርስዎ እያለ በዎርድ የሚሠራበትን መንገድ አስረዳው። ዲዛይን የሚለውን ከፍቶ ዋተርማርክ ውስጥ መግባት፣ ካስተም የሚለውን መርጦ ስም መጻፍ፣ ቀለሙን ፈዛዛ ግራጫ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር። ቁጥር 2 ዎርድ የሌለው ሰው ሊብረ ኦፊስን በነጻ አውርዶ ፎርማት ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ይህንኑ እንደሚያገኝ ጨመረ። ቁጥር 3 ጎግል ዶክስ ላይም ኢንሰርት ስር እንዳለ ተናገረ። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው።

ቁጥር 4 የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ሦስቱም የነገሩህን በደቂቃ አጠፋዋለሁ አለው። የዎርድ ዋተርማርክ የሚቀመጠው ሄደር ውስጥ ነው። የገጹን ራስ ሁለቴ ተጭኖ ምልክቱን መርጦ ማጥፋት ነው፤ ከሁሉም ገጽ በአንዴ ይነሳል። ፒዲኤፍ ቢሆንም ዎርድ መልሶ ሊከፍተው ይችላል፣ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ለብቻው ተነጥሎ ይመጣል። ሰው በፍላሽ ይዞ መጥቶ ይህችን ስም አንሳልኝ ማለቱ ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። ልጁ የተናገረው እውነት ነው። እኔም የምጨምረው አለ፦ አክሮባት በሚባለው የፒዲኤፍ ፕሮግራም የተደረገ ዋተርማርክም እንዲሁ ከተተወ በዚያው አክሮባት ይነሳል፣ ማንሻው ከማድረጊያው አጠገብ ነው።

በቁጥር 5 መምህሩ ተመልሶ መጣ። እንዲህ በቀላሉ የሚጠፋ ከሆነ ምን አደከመኝ ብሎ ጠየቀ። ተስፋ የቆረጠ ይመስል ነበር።

ቁጥር 6 ላይ የመለሰችው ሐዋሳ የዲዛይንና የኅትመት ሥራ ያላት ሴት ናት። ከክሩ ሁሉ መጀመሪያ መነበብ ያለበት የሷ ይመስለኛል። ሰዎች ሁለት የተለያየ ሥራ በአንድ ምልክት ሊሠሩ ሲሞክሩ ሁለቱም እንደሚበላሽ ነው ያስረዳችው። አንዱ ጥበቃ ነው። ለደንበኛ ናሙና ስትልክ ረቂቅ የሚለው ቃል ገጹን ከጥግ እስከ ጥግ አቋርጦ ይሄዳል። ምስሉም ስክሪን ላይ የሚያምር፣ ሲታተም ግን የሚደበዝዝ ሆኖ ነው የሚላከው። ቀሪው ክፍያ ሲገባ ንጹሁን ትለቃለች። ይህ ምልክት ቢያስጠላም ችግር የለውም፣ ዓላማው ሰው በናሙናው እንዳይጠቀም ነው። ሌላው ስምን ማስተዋወቅ ነው። እዚያ ላይ ሎጎው ትንሽ ሆኖ ግርጌ ላይ ይቀመጣል፤ በየገጹ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ የፊደል ቅርጽ። ገንዘብ ከፍሎ የሚያነብ ሰው ፊት ስምን በሰያፍ መዘርጋት ደንበኛን ማስቀየም ነው ብላለች።

መምህሩ የሚሸጠው ረቂቅ አይደለም። የተከፈለበት፣ ተማሪው ወራት የሚያጠናበት ነገር ነው። ስለዚህ ገጹን የሚያቋርጥ ምልክት ለእሱ እንደማይሆን ከዚህ መልስ መረዳት ነበረበት። ክሩ ግን ወደዚያ አልሄደም።

ቁጥር 7 እያንዳንዱን ገጽ ወደ ምስል ቀይሮ መልሶ ፒዲኤፍ ማድረግ መፍትሔ እንደሆነ ጻፈ። ያኔ ምልክቱና ጽሑፉ አንድ ላይ ይጋገራሉ፣ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ልጅም በአንድ ጠቅታ አያነሳውም። ልክ ነው። ግን መዘዝ አለው፣ ኋላ ላይ ሁለት ሰዎች አንስተውታል።

ከቁጥር 8 ጀምሮ ድምፁ ተቀየረ። ይህ ሰው መምህሩን ፊት ለፊት ተጋፈጠው። የምትሸጣቸው ጥያቄዎች ያለፉት ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች አይደሉም ወይ፣ አንተ ማን ሆነህ ነው ስምህን የምታትምባቸው የሚል ነበር። ቁጥር 9 ላይ መምህሩም አልተኛለትም። ለቁጥር 1 እርስዎ ሲል የነበረው ሰው አንተ ማለት ጀመረ። ጥያቄው የማንም ይሁን፣ ማብራሪያው እያንዳንዱ መስመር የኔ ነው፤ ሌሊት ተቀምጬ የሠራሁትን አንተ በአንድ አረፍተ ነገር አትነጥቀኝም አለው።

ቁጥር 10 ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሁለቱንም አረጋጋቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ ሐሳብና ቀመር የማንም ንብረት አይሆንም፣ የኳድራቲክ ቀመር የሁላችንም ነው። አንድ ሰው በራሱ አገላለጽ የጻፈው ማብራሪያ ግን የሱ ሥራ ነው። መብቱ ሥራው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ አለ፣ ምዝገባ አይጠብቅም። አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ክርክር ሲመጣ ለማስረጃ ይጠቅማል። ቁጥር 8 ከዚህ በኋላ ዝም አለ። ይኸው ሰው ቴሌግራም በይፋዊ ቻናሎች ላይ የቅጂ መብት አቤቱታ እንደሚቀበል፣ በግል ግሩፕና በግል መልእክት ውስጥ ያለውን ግን እንደማይነካ ጨመረ። የመምህሩ ፋይል የተለቀቀው ይፋዊ ቻናል ላይ ስለሆነ ዛሬውኑ ማመልከት ይችላል። ማብራሪያውን ያዘጋጀበት የዎርድ ፋይል ከነቀኑ እጁ ላይ ካለ ደግሞ ነገሩ ይቀለዋል። ከዚህ በኋላ የመጡት ሰዎች ይህን ምክር ያለፉት መሰለኝ። ለመምህሩ ግን ከማንኛውም ምልክት ፈጥኖ የሚደርስለት ይኸኛው ነው።

ቁጥር 11 ተማሪ ነው። እኛ አምስት ሆነን ተዋጥተን አንድ ፋይል እንገዛለን፣ አንዳችን ስልክ ላይ እናነባለን፣ ሌሎቻችን ፎቶኮፒ እናደርጋለን ብሎ በግልጽ ጻፈ። ከዚያ ያጋጠመውን ተረከ። ያን ጊዜ ያገኘው ግን ባለ ምልክቱን፣ ከቻናሉ የወረደውን ነበር። ፎቶኮፒ ሲደረግ ፈዛዛው ግራጫ ጽሑፍ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነ። አንዱ ጥያቄ ኤክስ ስኩዌር፣ ሲቀነስ 5 ኤክስ፣ ሲደመር 6 እኩል ይሆናል ዜሮ የሚል ነው። የመቀነስ ምልክቷ የቻናሉ ስም ካለበት አንድ ፊደል እግር ሥር ወደቀች። መደመር መስላ ታየችው። ሲሠራው ኔጌቲቭ 2 እና ኔጌቲቭ 3 ይመጣለታል፣ መልሱ ላይ ግን 2 እና 3 ይላል። አንድ ምሽት ሙሉ የት ተሳሳትኩ እያለ ሲታገል አደረ። ልጁ ለቁጥር 7ም መልስ ነበረው፦ ገጹ ሁሉ ምስል ከሆነ ፋይሉ ይከብዳል፣ በወር ፓኬጅ የሚያወርድ ተማሪ አይችለውም።

ይህን ሳነብ ልቤ ለልጁ አደላ። የሒሳብ ገጽ ላይ አንዲት ሰረዝ፣ አንዲት ነጥብ ትርጉም ትቀይራለች። ምልክቱን ያተመው ቻናል ይህን አላሰበም፤ ያሰበው ስሙን ብቻ ነው።

ቁጥር 12 ግን ልጁን ሌባ ብሎ ሰደበው። አንድ ገዝታችሁ አምስት መጠቀማችሁ ከቻናሉ በምን ይለያል አለ። ቁጥር 13 እናት ይመስሉኛል፣ ልጄ እያሉ ለተማሪው ተከራከሩለት። ድሮም መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ አንድ ነበር፣ ተጋርቶ ማንበብ ነውር ሆኖ አያውቅም አሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። አምስት ጓደኛሞች ተዋጥተው ሲያነቡ የመምህሩ ስም ሽፋኑ ላይ አለ። ቻናሉ ግን ስሙን ፍቆ የራሱን አትሞ በሰው ድካም ተከታይ ይሰበስባል። ሁለቱን አንድ ስም መስጠት አግባብ አይደለም።

ቁጥር 14 ሜሪላንድ የሚኖር የሶፍትዌር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጎግል ተመራማሪዎች ያሳዩትን ነገረን። አንድ ዓይነት ዋተርማርክ ያለባቸው ብዙ ፎቶዎች ከተገኙ፣ ኮምፒውተር እርስ በርስ አነጻጽሮ ምልክቱ ብቻውን ምን እንደሚመስል ማወቅና ከሁሉም ላይ ማንሳት ይችላል። መከላከያውም እዚያው ተነግሯል፦ ምልክቱን ከምስል ምስል በጥቂቱ ማጣመም ሥራውን በጣም ያከብደዋል። ስለዚህ ገጹን ወደ ምስል መቀየር ብቻውን እንደማይበቃ ለቁጥር 7 በጨዋነት አስገነዘበው።

ከቁጥር 15 እስከ 17 ክሩ ወጣ አለ። አንዱ ዋተርማርክ የተጀመረው ጣሊያን ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደሆነ፣ ወረቀት በሚነጠፍበት ወንፊት ላይ ቀጭን ሽቦ ሲጣበቅ እዚያ ቦታ ላይ ወረቀቱ እንደሚሳሳ፣ ለብርሃን ሲያዙት ቅርጹ እንደሚታይ አወራ። ሁለተኛው የኛ መጻሕፍት ብራና ስለነበሩ ይህ ነገር በአሮጌ መጻሕፍታችን ላይ እንደማይፈለግ መለሰ። ሦስተኛው በ2013 የብር ኖት ሲቀየር ሰው ሁሉ ኖቱን ወደ ፀሐይ እያነሳ ሲያይ እንደነበር አስታወሰ። አድሚኑ ወደ ጥያቄው እንመለስ ባይል ኖሮ ቀኑ በዚህ ያልቅ ነበር።

ቁጥር 18 ዱባይ በግንባታ ድርጅት ውስጥ ሰነድ ቁጥጥር ላይ የሚሠራ ወንድም ነው። እነሱ ዘንድ አንድ ፕላን ከቢሮ ሲወጣ የድርጅቱ ስም ብቻ አይታተምበትም። ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ የወጣበት ቀንና ለማን እንደተሰጠ ይጻፍበታል። አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌው ላይ ተሽሯል የሚል ይታተማል፣ በአሮጌ ፕላን አንድ ግድግዳ ቢነሳ ኪሳራው ከባድ ነውና። ለመምህሩም ይህንኑ መከረው። የአንተን ስም ሁሉም ያውቀዋል፣ ገጹ ላይ መኖር ያለበት የገዢው ስም ነው አለው። ፋይሉ ሲያፈተልክ ከማን እንደወጣ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪው የራሱን ስም ግርጌው ላይ እያየ ለማያውቀው ቻናል ለመስጠት ሁለቴ ያስባል። ኪውፒዲኤፍ የሚባል ነጻ ፕሮግራም የገዢው ስም የተጻፈበትን ገጽ በሰነዱ ላይ እንደሚያነጥፍ፣ የስም ዝርዝር ከተሰጠ ለሁሉም በአንዴ እንዲሠራ ማድረግ እንደሚቻልም ነገረው።

እኔ ከዚህ ክር ይዤ የሄድኩት ይህን ነው። ምልክት መቅዳትን አይከለክልም፣ ከማን እጅ እንደወጣ ግን ይናገራል። ለዚህ ደግሞ መጮህ አያስፈልገውም። በትንሽ ፊደል፣ ግርጌ ላይ፣ ከቀመሮቹ ርቆ ቢቀመጥ ሥራውን ይሠራል።

ቁጥር 19 አንድ ጥንቃቄ አከለ። የገዢውን ሙሉ ስልክ ቁጥር ገጹ ላይ እንዳታስቀምጥ አለ። ገዢዎቹ ታዳጊዎች ናቸው፣ ፋይሉ ከወጣ የልጅቷ ቁጥር ማንም እጅ ይገባል። ስምና የደረሰኝ ተራ ቁጥር ይበቃል። ይህን ምክር ማንም አልተቃወመም።

ቁጥር 20 ላይ የሜሪላንዱ ሰው ተመለሰ፣ የክሩ ጣፋጭ ክፍል እዚህ ጋ ነው። ጂኒየስ የሚባለው የዘፈን ግጥም ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2019 በይፋ የተናገረውን አጫወተን። ጽሑፎቻቸው ውስጥ ያሉትን የእንግሊዝኛ ጭረት ምልክቶች (አፖስትሮፍ የሚባሉትን) ሆን ብለው ቀጥ ያለና ጠምዘዝ ያለ እያደረጉ ያፈራርቋቸው ነበር። ቅደም ተከተሉ በሞርስ፣ ፊደልን በነጥብና በሰረዝ በሚጽፈው የቴሌግራፍ ኮድ፣ ሲነበብ እጅ ከፍንጅ እንደማለት ያለ ቃል ይሰጣል። ያንኑ ቅደም ተከተል ጎግል የፍለጋ ውጤት ላይ አገኘነው አሉ። ጎግል እኔ አልቀዳሁም፣ ግጥሙን ፈቃድ ካላቸው አቅራቢዎች ነው የማገኘው ብሎ ተከራከረ። ጂኒየስ ከሰሰ፣ ተሸነፈም። የግጥሞቹ የቅጂ መብት የጂኒየስ አልነበረማ። ሰውየው ከዚህ ያወጣው ነጥብ በቀጥታ ቁጥር 10ን ያጠናክራል፦ ምልክት ማድረግ ባለቤት አያደርግም። የሰው መጽሐፍ ስካን አድርጎ ስሙን የሚያትም ቻናልም በማተሙ ያገኘው መብት የለም።

ከዚያ ሐሳቡን ወደ አማርኛ አመጣው። ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉን። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉን። አንባቢው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። ለአንዱ ገዢ ዓመት፣ ለሌላው አመት፤ ለአንዱ ፀሐይ፣ ለሌላው ጸሀይ እያሉ አሥር ቃል ላይ ቢያፈራርቁ ከ1000 በላይ የተለያዩ ቅጂዎች ይወጣሉ። ምልክቱ አይታይም። ስክሪንሾት ቢነሳ፣ ፊደል በፊደል በእጅ ቢገለበጥ እንኳ አብሮ ይሄዳል።

ቁጥር 21 ይህን አንብበው ተቆጡ። ለረጅም ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ንጉሥ በንጉሡ ሠ እንዲጻፍ ስንት ዓመት ለፍተን፣ እናንተ ደግሞ ለስለላ ብላችሁ ፊደሉን ታምሱታላችሁ ወይ አሉ። ለተማሪ የሚሰጥ ጽሑፍ ላይ ሆን ተብሎ የተዛባ አጻጻፍ ማስገባት በደል ነው ብለው ደመደሙ። ኃይለ ቃል ነበረው፣ ግን እውነት አላቸው። የሜሪላንዱ ሐሳብ ብልህ ነው፣ ለቢሮ ደብዳቤ ይሆናል። ለመማሪያ ጽሑፍ አይሆንም።

ቁጥር 22 ሁለቱንም የሚያስማማ ነገር አመጣ። ፊደሉን ተዉት፣ ምሳሌዎቹን ቀይሩ አለ። በቃል በቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ብርቱካን የገዛው ሰው በአንዱ ቅጂ አበበ፣ በሌላው አልማዝ ቢሆን ሒሳቡም አማርኛውም አይጎዳም። አምስት ስድስት ቦታ ላይ እንዲህ ቢደረግ ያፈተለከው ቅጂ በየትኛው ዙር የተሸጠ እንደሆነ መለየት ይቻላል። መምህሩ ወዲያው ወደደው።

ቁጥር 23 ዓይነ ስውር ታናሽ ወንድም ያላት ልጅ ናት። ወንድሟ የሚማረው ስልኩ በሚያነብለት ጽሑፍ ነው። ገጹ ወደ ምስል ከተቀየረ የሚነበብ ጽሑፍ የለም፣ ስልኩ ዝም ይላል። ሰያፍ ምልክቱ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ከገባ ደግሞ በየገጹ ዐረፍተ ነገር መሃል የቻናሉን ስም ያነብለታል። ከዚህ በኋላ የቁጥር 7ን ሐሳብ የደገፈ ሰው አልነበረም። ቁጥር 7 ራሱም አመስግኗታል።

መምህሩ ከዚያው ሥር ውሳኔውን ጻፈ። ገጹ ንጹሕ ይሆናል። ግርጌው ላይ የሱ ስምና የገዢው ስም በትንሹ ይቀመጣል። ምሳሌዎቹ በየዙሩ ይቀያየራሉ። ለቴሌግራምም አቤቱታ አስገብቷል። ለተማሪው ለቁጥር 11 ደግሞ ንጹሑን ፋይል በነጻ እንደሚልክለት ነገረው።

ቁጥር 24 መጨረሻ ላይ መጥቶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ስልኩ ላይ ባለ መተግበሪያ ስሙን በአማርኛ ሲጽፍ ዋተርማርኩ ባዶ ሳጥን ሳጥን እየሆነ እንደሚወጣ ነበር የጠየቀው። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ እዚህ ልመልስለት። መተግበሪያው የሚጠቀመው የፊደል ዓይነት የኛን ፊደላት አልያዘም ማለት ነው። ስምህን ኮምፒውተር ላይ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ በሚባለው የአማርኛ ፎንት ጻፈውና ጀርባው ግልጽ የሆነ ፒኤንጂ ምስል አድርገህ አስቀምጠው። ከዚያ ጽሑፍ ከሚለው ይልቅ ምስል የሚለውን መርጠህ አስገባው። ጀርባው ነጭ ከሆነ ሥሩ ያለውን ይሸፍንብሃል፣ እሱን ተጠንቀቅ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ የጻፍከው ካለህም እንደ ጽሑፍ አታስገባው፣ ፊደሉ በሌለበት ስልክ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ዋናው ሰነድህ ስካን ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ከገጹ በላይ አድርገው፤ ከሥር ካደረግከው ስካኑ ራሱ ይጋርደዋል።